ፔፐራችሁን ከመላካችሁ በፊት ዶአጅን ክፈቱት፣ ግን በደንብ አንብቡት

ይሄን የምጽፈው ቲሲሷን ወደ ፔፐር ቀይራ የት ልላከው ለምትል ተማሪ፣ ለፕሮሞሽን ፔፐር ለሚቆጥር መምህር፣ ቀን ሆስፒታል ውሎ ማታ ዳታ ለሚተነትን ሐኪም ነው። ዶአጅ፣ ሙሉ ስሙ ዳይሬክቶሪ ኦፍ ኦፕን አክሰስ ጆርናልስ፣ ማንም በነፃ የሚያነባቸውን ጆርናሎች መርምሮ የሚመዘግብ ማውጫ ነው። ክፍያ የለውም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም፣ ኔትወርክ ደከም ሲልም ይከፈታል፣ እና እኔ ጆርናል ልመርጥ ስል መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ያስቀረሁበት ምክንያት ከባድ ስለሆነ እሱን ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ለምን እንደሚያስፈልግ ልጀምር። ኢሜይላችሁን እዩት እስቲ፣ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ጆርናል "የተከበሩ ፕሮፌሰር" ብሎ ጽፎላችሁ ይሆናል፣ ገና ማስተርስ ላይ ያላችሁትን ጭምር። በሦስት ቀን ሪቪው ይደረጋል (የዘርፉ ባለሙያዎች አንብበው ይመረምሩታል ማለት ነው)፣ በሳምንት ፐብሊሽ ይሆናል፣ ክፍያው ይሄን ያህል ዶላር ነው ይላል። የኛ ደሞዝ በብር ነው፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ያው መቶና ሁለት መቶ ዶላር ስንት ብር እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ዶላር የሚከፍል ካርድም ብዙዎቻችን የለንም፣ ስለዚህ ሰው አሜሪካ ወይ ዱባይ ያለ ወንድሙን እህቱን አስቸግሮ ነው የሚያስከፍለው። የማውቃት አንዲት መምህርት እንደዚህ አድርጋ ከፍላ ፔፐሯ በቀናት ውስጥ ወጣላት፣ አንድም የሪቪወር ኮሜንት ሳይመጣላት። የፕሮሞሽን ኮሚቴው ይሄ ጆርናል አይቆጠርም አላት። ፔፐሬን ከጆርናላችሁ አንሱልኝ ብላ ስትጽፍላቸው ለማንሳትም ሌላ ክፍያ ጠየቋት፣ ሌላ ቦታ እንዳትልከው ደግሞ አንዴ ወጥቷል፣ አንድን ሥራ ሁለት ቦታ ማሳተም ራሱ የሥነ ምግባር ጥሰት ነው። ጥናቷ ጤና ጣቢያ ድረስ ሄዳ እናቶችን እየጠየቀች የሰበሰበችው ነበር። እነዚያ እናቶች ልጃቸውን ታቅፈው ጊዜያቸውን ሰጥተው የመለሱት መልስ ማንም የማያምነው ቦታ ላይ ቀረ። ከገንዘቡ በላይ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እንዲህ ያለው ንግድ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ጉዳይ ነው እኮ። ሃይደራባድ ህንድ ያለው ኦሚክስ የሚባል አሳታሚ ላይ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ክስ መሠረተ፣ በ2019 ፍርድ ቤቱ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነበት። ከክሱ ነጥቦች አንዱ ሪቪው ይደረጋል እያለ በትክክል አለማድረጉ፣ ሌላው ክፍያ እንዳለ ለደራሲዎቹ አስቀድሞ በግልጽ አለመናገሩ ነበር። ልክ እኛ የምናማርርበት ነገር ማለት ነው።

ወደ ዶአጅ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 ስዊድን ውስጥ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ 300 ጆርናል ይዞ ነው የተጀመረው፣ ዛሬ ከ20,000 በላይ ጆርናል አለበት። እኔ እንዳምነው ያደረገኝ ግን ብዛቱ አይደለም፣ ችግር ሲገጥመው ያደረገው ነገር ነው። በ2013 ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ለሳይንስ መጽሔት ብሎ ሆን ብሎ የተበላሸ ፔፐር አዘጋጀ። ድንጋይና ዛፍ ላይ ከሚበቅለው ላይከን የተገኘ ንጥረ ነገር የካንሰር ሴል ያጠፋል የሚል፣ ውስጡ ግን ትንሽ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሪቪወር ቶሎ የሚያየው ስህተት የተሞላ። ጸሐፊዎቹም ተቋሞቹም የሌሉ የፈጠራ ስሞች ናቸው፣ ከቅጂዎቹ አንዱ ላይ የተጻፈው አስመራ ያለ የሕክምና ኢንስቲትዩት ነው ይላል፣ እንዲህ ያለ ኢንስቲትዩት አስመራ ውስጥ የለም። ስሞቹን የአፍሪካ ያደረገው ኤዲተሩ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ቢያጣቸው ብዙ እንዳይጠረጥር ብሎ መሆኑን ራሱ ጽፏል፣ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የከፋኝ፣ ስለኛ ያለው ግምት እንዲህ መሆኑ። ብቻ 304 ጆርናሎች ጋር ላከው፣ 157ቱ ተቀበሉት፣ አንቀበልም ያሉት 98 ብቻ ናቸው። ዶአጅ ላይ ተመዝግበው ከነበሩና ሪቪውን ጨርሰው ውሳኔ ከሰጡ አሳታሚዎች ውስጥ 45 በመቶዎቹ ፔፐሩን ተቀብለውት ነበር።

ለዶአጅ ትልቅ ውርደት ነበር ያ። ከዛ ምን አደረገ፣ በ2014 መስፈርቱን አጥብቆ ውስጡ ያለውን ጆርናል ሁሉ እንደ አዲስ አመልክቱ አለ። በ2016 ደግሞ እንደገና ያላመለከቱ ወደ 3,300 የሚጠጉ ጆርናሎችን ባንዴ ከማውጫው አስወጣ። አሁንም የገቡትንና የተሰረዙትን ጆርናሎች ዝርዝር ከነምክንያቱ ማንም እንዲያየው ያወጣል። ይሄ የተሰረዙት ዝርዝር የዶአጅ ምርጥ ነገር ነው በኔ እይታ፣ ግን ሰው ሲያየው አላጋጠመኝም። ባለፈው ዓመት ዶአጅ ላይ ነበር የተባለ ጆርናል ዘንድሮ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ጓደኛችሁ "እኔ አሳትሜበታለሁ ችግር የለውም" ስላላችሁ አትለፉት፣ ፔፐሩን በምትልኩበት ቀን እዩት።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የጆርናሉን ስም ወይም አይኤስኤስኤን የሚባለውን የጆርናሉን መለያ ቁጥር ታስገባላችሁ፣ ቁጥሩ ይሻላል ምክንያቱም አጭበርባሪዎቹ የታወቀ ጆርናል ስም ላይ አንድ ቃል ጨምረው ወይ ቀንሰው ነው የሚመጡት። ገጹ ሲከፈት ብዙ ሰው "አለ" ብሎ ይዘጋዋል፣ ዋናው ነገር ግን እዛው ገጹ ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ ክፍያ፤ ያስከፍላል ከተባለ ስንት እንደሆነ ከነምንዛሪው ተጽፏል፣ ጆርናሉ በኢሜይል ከዚህ የተለየ ቁጥር ከላከላችሁ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ዌቨር፣ ማለትም መክፈል ለማይችል ደራሲ ክፍያ ይቀንሳል ወይ ይተዋል ወይ የሚለው። ቀጥሎ የሪቪው ዓይነት፤ የደራሲው ስም ለሪቪወሩ ይታያል፣ የሁለቱም ይደበቃል፣ ወይስ ሁሉም ክፍት ነው። ከዛ ከሰብሚሽን እስከ ፐብሊኬሽን በአማካይ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ። እኔ በጣም የማፈጥበት እዚህ ላይ ነው፣ ቢያንስ ሁለት ሰው በሥራው መሃል ጊዜ አግኝቶ ፔፐራችሁን አንብቦ፣ እናንተ አስተካክላችሁ፣ ኤዲተሩ መልሶ አይቶ የሚያልቅ ነገር በሁለት ሳምንት አያልቅም፣ ወራት ይፈልጋል፣ ፍጥነት የሚሸጥ ጆርናል የሚሸጠው ሪቪውን ዘሎ ነው።

ከመስፈርቶቹ ውስጥ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። ከጆርናሉ የመጨረሻ ሁለት እትሞች በየትኛውም ላይ ኤዲተሮቹ፣ የቦርድ አባላቱ ወይም ሪቪወሮቹ የጻፏቸው ፔፐሮች ከ25 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። ጆርናሉ የራሱ ሰዎች ማሳተሚያ እንዳይሆን ማለት ነው። ይሄን ራሳችሁም ማየት ትችላላችሁ፣ የቦርዱን ስም ዝርዝርና የቅርብ እትሙን ማውጫ ጎን ለጎን ክፈቱ፣ ያው ስም እየተደጋገመ ከመጣ ጆርናሉ ለማን እንደሚሠራ ገባችሁ። የሀገር ውስጥ ጆርናሎቻችን ላይ ይሄ ችግር አለ፣ በክፋት ብቻ አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲው ያቋቋመው ጆርናል ላይ የዩኒቨርሲቲው መምህር ነው የሚጽፈው ሪቪው የሚያደርገውም፣ ግን ችግር መሆኑ አይቀርም።

ሌላ ትልቅ ጥቅሙ ሊንኩ ነው። ሃይጃክድ ጆርናል የሚባል ነገር አለ፣ የእውነተኛ ጆርናል ስምና አይኤስኤስኤን ሰርቀው ሌላ ዌብሳይት ይከፍታሉ፣ እናንተ እውነተኛው መስሏችሁ ፔፐሩንም ገንዘቡንም ትልካላችሁ፣ ስኮፐስ የሚባለው ትልቁ የጥናት ማውጫ ውስጥ ሳይቀር ገብተው ተገኝተዋል እነዚህ። ስለዚህ በኢሜይል በመጣ ሊንክ በፍጹም አትግቡ፣ ዶአጅ ገጽ ላይ ባለው ሊንክ ግቡ። የተሰረዙ ፔፐሮችን የሚከታተለው ሪትራክሽን ዎች ደግሞ ከ2022 ጀምሮ የተጠለፉ ጆርናሎችን ዝርዝር በነፃ አውጥቷል፣ ሁለቱንም ማየት ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። እና ዌብሳይቱ ላይ የዶአጅ ሎጎ አይታችሁ አትመኑ፣ ሎጎ ማንም ኮፒ አድርጎ ይለጥፋል፣ ራሱ ዶአጅ ውስጥ ገብታችሁ ፈልጉት። ዶአጅ ጆርናሎችን ለመመዝገብም ምንም አያስከፍልም፣ ከፍለን ገባን የሚል ካለ የተጭበረበረ ወይ የሚያጭበረብር ነው።

አሁን ያስቀረኋት ኮከብ። ዶአጅ የሚመረምረው ጆርናሉ ስለራሱ የጻፈውንና ዌብሳይቱ ላይ የሚታየውን ነው። ቦርዱ ስም አለው ወይ፣ የሪቪው ፖሊሲ ተጽፏል ወይ፣ ክፍያው ግልጽ ነው ወይ። የናንተን ፔፐር ማን አነበበው፣ አነበበው ወይስ "አሪፍ ነው" ብሎ በሁለት መስመር መለሰው፣ ይሄን ዶአጅ አያይም፣ ሊያይም አይችልም። ቦሎ የተለጠፈበት መኪና ሁሉ ሹፌሩ ጎበዝ ነው ማለት አይደለም።

ይሄ በሐሳብ ደረጃ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። ሂንዳዊን አስታውሱ። ብዙዎቻችን የምናውቀው፣ በየማውጫው የተመዘገበ፣ ዋይሊ የሚባለው ትልቅ አሳታሚ በ2021 በ298 ሚሊዮን ዶላር የገዛው አሳታሚ ነበር። ስፔሻል ኢሹ፣ ማለትም በአንድ ርዕስ ላይ ልዩ እትም፣ እያሉ እንግዳ ኤዲተር እያስቀመጡ ሲያወጡ ፔፐር ሚል የሚባሉት፣ ፔፐር አምርተው የሚሸጡት ማለት ነው፣ በዛ በኩል ገቡ፣ ኤዲተሩም ሪቪወሩም የነሱ ሰው እየሆነ። በ2023 በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ፔፐሮች ተሰርዘዋል፣ ከነሱ ውስጥ ከ8,000 በላይ የሂንዳዊ ናቸው። እዛ ላይ በቅንነት ሠርተው ያሳተሙ ሰዎችም ጆርናላቸው ተዘግቶ ወይ ዌብ ኦፍ ሳይንስ ከሚባለው የጥናት ማውጫ ወጥቶ ቀሩ። ከዛ በፊትም በ2017 ስፕሪንገር ቱመር ባዮሎጂ ከሚባል ጆርናል 107 ፔፐሮችን ባንዴ ሰርዟል፣ ምክንያቱም ሪቪወር ተብለው የተጠቆሙት ሰዎች ኢሜይል የውሸት ነበር፣ ሪቪውም እንደዛው። ስለዚህ በትልቅ አሳታሚ ስም መተማመንም አያዋጣም። ዶአጅ ከነዚህ በኋላ የስፔሻል ኢሹ መስፈርት ጨምሯል፣ ዋና ኤዲተሩ ለሁሉም ነገር ተጠያቂ ነው፣ የእንግዳ ኤዲተሮቹ የራሳቸው ፔፐር ከእትሙ 25 በመቶ አይበልጥም ይላል። ጥሩ ነው፣ ግን የመጣው ከአደጋው በኋላ ነው።

ታዲያ ሪቪው መደረጉን በምን እናውቃለን ካላችሁ፣ ከሁሉ የሚሻለው የሪቪወር ሪፖርቶችን ከፔፐሩ ጋር የሚያወጡ ጆርናሎችን ማየት ነው። ቢኤምሲ ፕረግናንሲ ኤንድ ቻይልድበርዝ የሚባለውን የእርግዝናና የወሊድ ጆርናል ውሰዱ፣ የኢትዮጵያ ጥናቶች በብዛት ይወጡበታል፣ ፔፐሩ ሥር የሪቪው ሪፖርት የሚል ሊንክ አለ፣ ከፍታችሁ ሪቪወሩ ምን ጠየቀ ደራሲዎቹ ምን መለሱ ማንበብ ትችላላችሁ። ሳምፕል ሳይዙ እንዴት ተሰላ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ከየት ነው፣ መደምደሚያው ከዳታው ይበልጣል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የሪሰርች ሜቶድ ትምህርት አላውቅም፣ በነፃ ነው ደግሞ። ፔፐራችሁን ከመላካችሁ በፊት በናንተ ርዕስ ዙሪያ የወጣ አንድ ፔፐር ሪፖርቱን አንብቡና ያንን ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁ።

ሌሎቹን መሣሪያዎች ቶሎ ቶሎ ልለፍ። ቲንክ ቼክ ሰብሚት ጆርናል ለመመርመር የሚረዳ የጥያቄ ዝርዝር ነው፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ አንዴ ከተጠቀማችሁበት በቃ በቃላችሁ ይያዛል። የቢል ዝርዝር የሚባለውን የፕሬዳቶሪ፣ ማለትም ገንዘብ ብቻ የሚያሳድዱ አጭበርባሪ፣ ጆርናሎች ዝርዝር አሁንም እንደ ሕግ የሚጠቅሱ ሰዎች አሉ፣ ጄፍሪ ቢል በጃንዋሪ 2017 ዘግቶታል፣ የሚዞሩት ኮፒዎች ናቸው፣ እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ውሳኔ አትውሰዱት። ኮፕ፣ ከ1997 ጀምሮ ያለው የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ጆርናል ሲበድላችሁ የምትሄዱበት ነው፣ መጀመሪያ ለራሱ ለጆርናሉ አቤት ብላችሁ መጨረስ አለባችሁ፣ ጆርናሉም አባል መሆን አለበት፣ አባል ካልሆነ ኮፕ ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም። የሪትራክሽን ዎች ዳታቤዝ በ2023 ክሮስሬፍ የሚባለው የፔፐሮችን መለያ ቁጥር የሚመዘግብ ድርጅት ገዝቶ ለሁሉም ነፃ አድርጎታል፣ ዞተሮ የሚባለውን የማጣቀሻ መያዣ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የጠቀሳችሁት ፔፐር ተሰርዞ ከሆነ በቀይ ያስጠነቅቃችኋል። ይሄን ብቻ ብላችሁ ዞተሮ ጫኑ።

ለአፍሪካ ጆርናሎች ደግሞ አጆል፣ ማለትም አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን የሚባለው ዌብሳይት፣ አለ፣ ከ1998 ጀምሮ ያለ፣ ደቡብ አፍሪካ የተቀመጠ። የጂማ ዩኒቨርሲቲው ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ሄልዝ ሳይንስስ፣ የኬሚስትሪ ማኅበሩ ቡለቲን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሲኔት፣ የመቀሌው ሞሞና እዛ ላይ ይገኛሉ። ከ2017 ጀምሮ ጄፒፒኤስ በሚባል አሠራር ጆርናሎቹን ከዜሮ እስከ ሦስት ኮከብ ይመዝናል፣ አንዳንዱን ሥራ ያቆመ ብሎ ይጽፋል። ስኮፐስ ውስጥ ከሌለ አይረባም የሚለውን አስተሳሰብ እኔ አልቀበልም፣ በሀገራችን ጤና ጣቢያ ላይ የተሠራ ጥናት በሀገራችን ኤዲተሮች ታይቶ ቢወጣ ምን ነውር አለው፣ የሪቪው ሥራው በትክክል እስከተሠራ ድረስ። ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና የሰጣቸው የሀገር ውስጥ ጆርናሎች ዝርዝር አለ፣ ለፕሮሞሽን ከሆነ የምታሳትሙት መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲያችሁን ሕግ ጠይቁ፣ ከታተመ በኋላ አይጠየቅም ይሄ።

ገንዘብ ለሌለን ሰዎች ዶአጅ ላይ በጣም የምወደው ማጣሪያ ክፍያ የሌላቸውን ብቻ አሳየኝ የሚለው ነው። ኦፕን አክሰስ ሲባል ሁሉም የሚያስከፍል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ ዶአጅ ላይ ካሉት ጆርናሎች ግን አብዛኞቹ ከደራሲ ምንም አይወስዱም። የሚያስከፍሉትም ቢሆኑ ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ሀገሮች ለሚመጣ ደራሲ ክፍያውን ይተዋሉ ወይ ይቀንሳሉ፣ ዝርዝራቸው በየጊዜው ስለሚቀያየር ኢትዮጵያ አለችበት ወይ ብላችሁ በዚያው ሰሞን እዩ፣ ጥያቄውንም ሰብሚት ስታደርጉ አቅርቡ፣ ብዙዎቹ አክሴፕት ከተደረገ በኋላ የመጣ የዌቨር ጥያቄ አይቀበሉም። እና የማታውቁት ሰው መጥቶ የናንተን ስም ኦተር አድርገን ዌቨር እናግኝ፣ ትንሽ ነገር እንሰጣችኋለን ቢላችሁ እምቢ በሉ። ስም ለመግባት በዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ኮሚቴ መመሪያ አራት ነገር ያስፈልጋል፣ በሥራው ላይ እውነተኛ አስተዋጽኦ፣ በመጻፉ ወይም በማረሙ መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ ማጽደቅ፣ ለጥያቄ ተጠያቂ መሆን። አራቱም፣ አንዱ ብቻ አይደለም። የዲፓርትመንት ኃላፊ ስለሆኑ ብቻ ስማቸው የሚገባ ሰዎች እዚህ መስፈርት ውስጥ የሉም፣ ይሄን ለመናገር ለተማሪ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስለዚህ መናገር ያለባቸው አድቫይዘሮቹ ናቸው።

የቀሩ ትንንሽ ቅሬታዎች። ዶአጅ ኦፕን አክሰስ ብቻ ስለሆነ በደንበኝነት የሚነበቡ ጥሩ ጆርናሎች የሉበትም፣ የለም ማለት ፕሬዳቶሪ ነው ማለት አይደለም። አዲስ ጆርናልም ወይ ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቶ ወይ ቢያንስ 10 ፔፐር አውጥቶ ካልሆነ አይገባም። የርዕስ ማጣሪያው ሰፊ ስለሆነ ጠበብ ባለ ዘርፍ ላይ ያላችሁ ሰዎች ማሸብለል ትንሽ ያደክማችኋል። አዲስ ማመልከቻ ተመርምሮ እስኪያልቅም ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ብዙው ሥራ በበጎ ፈቃደኞች ስለሚሠራ እሱን እረዳለሁ።

የሀገር ውስጥ ጆርናል ኤዲተሮች ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ አመልክቱ። ሀገራችን ከ2019 ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርት የኦፕን አክሰስ ፖሊሲ አላት፣ ማመልከቻው ነፃ ነው፣ የሚጠየቀውም ነገር ዌብሳይታችሁ ላይ ድሮም መጻፍ የነበረበት ነው፦ የቦርድ አባላት ሙሉ ስም ከነሚሠሩበት ቦታ፣ ሪቪው በስንት ሰው እንደሚደረግና እንዴት እንደሚደረግ፣ ክፍያ ካለ ስንት እንደሆነ ከሌለም የለም ተብሎ፣ የላይሰንሱ ዓይነት (ሌላ ሰው ፔፐሩን እንዴት መጠቀም እንደሚችል የሚገልጸው ፈቃድ)፣ የፕላጀሪዝም ምርመራ አለ ወይ። ጥሩ ሪቪው እየተደረገበት የቦርዱ ገጽ ባዶ የሆነ፣ የሪቪው ፖሊሲው ጭራሽ ያልተጻፈ የሀገር ውስጥ ጆርናል አይቻለሁ። እዛ ላይ ያሳተሙ ልጆች ውጭ ሀገር ፖስትዶክ ሲያመለክቱ ጆርናላችሁ ምንድነው ተብለው የሚያሳዩት ነገር ያጣሉ።